የአውድማው መስታወት

መጀመሪያ ያየሁት የተሰበረውን መስታወት ነው፤ እሷን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በመሃል በነበረችው ትንሽ ጊዜ ሞቼ ተነስቻለሁ።

ዚሲስ እባላለሁ፣ ግንበኛ ነኝ። መንደራችን ሊቫኖሪ ከያኒና ከተማ በላይ ተራራው ወገብ ላይ የተንጠለጠለች ናት። መሬታችን አርፎ አይቀመጥም። ከሦስት ክረምት በፊት፣ ዝናቡ አልቆም ባለበት ቀን፣ ከአውድማው በታች ያለው ቁልቁለት ተንዶ ታናሽ ወንድሜን ላምብሮስን ይዞት ሄደ። የውሃውን ቦይ ልንከፍት ነበር አብረን የተነሳነው። «አንተ ቅደም፣ እኔ መሮዬን ስዬ እደርሳለሁ» አልኩት። እሱ ቀደመ። እኔ አልደረስኩም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወደ አውድማው እወጣለሁ። ድሮ ስንዴ የሚወቃበት፣ ዛሬ በዓል ሲመጣ ብቻ የምንጨፍርበት፣ በድንጋይ የተነጠፈ ክብ ሜዳ ነው። ድንጋዩ ላይ ስንጥቆች አሉ። በየስንጥቁ ላይ ስስ የመስታወት ቁራጭ አጋድሜ በጄሶ ለጥፌያለሁ። አሥራ አንድ ናቸው። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፤ እኔም ደወል ደውዬ ሰው አስወጣለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱም አልተሰበረም። ያን ዕለት ጠዋት ሰባተኛው ተሰብሮ አገኘሁት።

ደወሉን ልደውል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልሮጥ ዞር ስል፣ አንዲት ሴት እጆቿን ዘርግታ፣ ባዶ እግሯን፣ ጉንጯን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ በሆዷ ተኝታለች።

«አንቺ ሴት! ተነሺ፣ መሬቱ እየሄደ ነው!»

ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። «ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ቁልቁል ነዋ!»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን ለጥፌ እያዳመጥኩት ነው። ካንተ እግር በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።»

«ታዲያ ይሄን መስታወት ማን ሰበረው?»

ያን ጊዜ ተነስታ ተቀመጠች። ተረከዟን ገልብጣ አየችው፤ ይደማል። «ውይ... እኔ ነኝ። ስሽከረከር ረግጬው ነው። ይቅርታ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር።»

ቆሻሻ አለችው። ሌሊት እንቅልፍ የሚሰጠኝን ብቸኛ ነገር ቆሻሻ አለችው። ፍርሃቴ ሁሉ ወደ ንዴት ዞረ። ልቆጣ ጎንበስ ስል ግን ስባሪውን ልብ ብዬ አየሁትና ትንፋሼ ተመለሰ። ከመሣሪያ ቦርሳዬ ንጹህ ጨርቅ አውጥቼ ተረከዟን እያሰርኩ አስረዳኋት።

«መሬት ሲሰብረው ጎትቶ ነው የሚሰብረው። አንድ ቀጭን መስመር ይሆናል፣ ሁለቱ ቁራጮች ይራራቃሉ። ይሄ ግን ደቋል፤ የሰው እግር ነው።»

«እና ደስ አይልህም?»

«ሲበርድልኝ ደስ ይለኛል።»

ሳቀች። ሃይዶ ነበር ስሟ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አልበረደልኝም።

ዘመናዊ ዳንስ የምትሠራ ናት። የመንደሩ ሊቀመንበር አጎት ኪትሶስ ነበር ከያኒና የጠራት፤ በነሐሴ ለእመቤታችን በዓል ከመንደሩ ሰዎች ጋር አንድ ዳንስ እንድትሠራ። አሥራ አራት ሰው ተመዘገበ፤ አብዛኛው ከስልሳ ዓመት በላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ጫማቸውን አስወልቃ አውድማው ላይ አስኬደቻቸው። ሌላ ምንም የለም፤ መሄድ ብቻ።

«ልጄ» አላት አጎት ኪትሶስ፣ «ባዶ እግር መሄድን እኛ ካንቺ ነው የምንማረው ወይስ አንቺ ከእኛ?»

«እኔ ከእናንተ ነው አጎቴ። ግን ረስታችሁታል፤ ላስታውሳችሁ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ እያንዳንዱን ሰው «ሰውነትህ በሥራ የለመደውን አሳየኝ» አለች። አንዷ ሱፍ አጠባ አሳየች። ፖስተኛው አናስታሲስ ደረጃ አወጣጡን፣ አጎት ኪትሶስ ሣር አጨዳውን። እሷ ያንን ሁሉ እየቀጠለች፣ አንዱን ቀስ እያደረገች፣ ሌላውን እያስደገመች ዳንስ አደረገችው። ሰዎቻችን ሲስቁበት የነበረውን የገዛ እጃቸውን ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። አንድ ቀን ሱፍ አጣቢዋ በመሃል ቆማ አለቀሰች። «እናቴን አየኋት፣ በራሴ ክንድ ውስጥ» አለች።

እኔ ዳር ላይ እቆማለሁ። ሥራዬ መስታወት መጠበቅ ነው፤ ቢያንስ ለሰው የምለው እንደዚያ ነበር።

«አሥራ አራት ሰው አንድ ላይ መዝለል የለበትም» እላታለሁ።

«ሰባት ሰባት ሆነው ይዝለሉ?»

«ሦስት ሦስት። በቀን ሁለት ጊዜ።»

«ዚሲስ፣ ይሄ ዳንስ ነው ወይስ የኪኒን ትእዛዝ?»

ሁሉም ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም። አንድ እግር ድንጋዩን በመታ ቁጥር ልቤ አብሮ ይመታል። ለመሬቱ ነው የምፈራው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወድጃት ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ሻንጣዋን ይዛ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ቀን መቁጠር ጀመርኩ፤ እንደ ስንጥቆቼ።

«አንተስ ለምን አትገባም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ቤታችን ሐዘን ላይ ነው።»

«ሦስት ዓመት?»

«እኛ ዘንድ ሐዘን በቀን አይቆጠርም።»

የቀረውን ያን ጊዜ ነግሬያት ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ለእናንተ ልንገራችሁ። በሊቫኖሪ ሐዘንተኛ ቤት ራሱ ከሐዘን አይወጣም፤ የውጭ ሰው ነው የሚያወጣው። አንድ ሰው አውድማው ላይ የነጭ መሐረብ ጫፍ ለሐዘንተኛው ይዘረጋለታል። ከያዘው ቤቱ ሁሉ ማቅ ያወልቃል። መሐረቡን የሰጠው ሰው ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት ሰው ነው። ቤቱ ድረስ ይመጣል፣ የቤቱ እናትም የበለስ ማርማላታ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ሰጪዋ ሴት ተቀባዩ ደግሞ ላጤ ከሆነ... ቀሪውን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ ማንም በጨዋታ አያደርገውም። ለእናቴ ለፖሊክሴኒ ደግሞ በቁም ነገርም የደፈረ አልነበረም። ከላምብሮስ ወዲህ ከደጃፏ አልወጣችም። አውድማውን የምታየው በመስኮት ብቻ ነው።

የሃይዶ አያት ከእኛ በታች ካለው ሸለቆ ናቸው። ስለዚህ ይሄን ታውቃለች ብዬ አሰብኩ። የኔ ስህተት እሱ ነው።

በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው ክብደት ታስተምር ነበር። ሁለት ሰው አንድ ጨርቅ ጫፍና ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ አንዱ ከለቀቀ ሁለቱም ይወድቃሉ። የእሷ ጥንድ ፖስተኛው አናስታሲስ ነበር፤ ያን ዕለት ደብዳቤ ሊያደርስ ሄዷል። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ዚሲስ፣ እስቲ ና ያዝ።»

የዘረጋችው ነጭ መሐረብ ነበር።

ሱፍ አጣቢዋ አማተበች። እኔ መሐረቡን አየሁ፣ እሷን አየሁ። ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ። «ታውቃለች» አልኩ በልቤ። «ታውቃለች፣ እያወቀች ነው የምትሰጠኝ።» እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። ያዝኩት። ወደ ኋላ ተጋደመች፣ እኔም ተጋደምኩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ መሬቱን ስጠብቅ ኖሬ፣ ያን ጊዜ ብቻ ሰው ጠበቀኝ።

ቤት ስገባ እናቴ መስኮቱ ስር ተቀምጣለች። «መሐረብ ተሰጠን» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሳጥኗን ከፍታ ቡናማ ቀሚስ ለብሳ አገኘኋት። ማርማላታውንም ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ወደ አውድማው እየሮጥኩ ሄድኩ።

አጎት ኪትሶስ በሃይዶ ላይ ሲቀልድ ደረስኩ። እኔ ከአውድማው ግንብ ጀርባ ስለነበርኩ አላዩኝም።

«እህሳ ሙሽሪት፣ ሠርጉ መቼ ነው?»

«የምን ሠርግ?»

«መሐረቡን ለዚሲስ የሰጠሽበት እጅ እስካሁን ላቡ አልደረቀም አሉ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ፊቷ ቀላ። «ኧረ አጎቴ፣ ክብደት ላሳይ ብዬ ነው እኮ። እዚያ ጋ ማንም ቢቆም ያው ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ ራሴ አይምሰላችሁ፤ ራሴንስ ለምጃለሁ። ቤት ውስጥ ቡናማ ቀሚስ የለበሰች እናት አለችኝ። ሦስት ዓመት የለበሰችውን ጥቁር በእኔ ቃል አውልቃለች። አሁን ሄጄ «መልሰሽ ልበሺው፣ ልምምድ ነበር» ልበላት?

አልነገርኳትም። ልምምድ ቦታም አልሄድኩም። እናቴ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

«ልጅቷ ለምን አልመጣችም?»

«ሥራ በዝቶባት ነው።»

«እሁድ ትመጣ ይሆን?»

«ትመጣ ይሆናል።»

እሁድ አለፈ። ማርማላታው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ማንኪያው አጠገቡ ነው። በዓሉ ቀረበ፤ ያን ቀን መንደሩ ሁሉ አውድማው ላይ ይሰበሰባል፣ እናቴም ቡናማ ቀሚሷን ለብሳ ትወጣለች፣ የሚቀበላት እጅ ግን አይኖርም። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ወደ አውድማው ወጣሁ። ማንም የለም። ራሴ በእጄ መልሼ የለጠፍኩትን ሰባተኛውን መስታወት ትንሽ አየሁት። ከዚያ በቦቴ ተረከዝ ረገጥኩት።

ለአጎት ኪትሶስ «ሰባተኛው ተሰብሯል» አልኩት። ውሸት አልነበረም። እሱም ፊቱ አመድ መስሎ «የአንተ ቃል ይበቃል፣ አውድማው ይዘጋ፣ ዳንሱም ይቅር፣ ሰውም ለመውጣት ሻንጣውን ያዘጋጅ» አለ።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሃይዶ ጠራችኝ። አውድማው ዙሪያ የታሰረውን ገመድ አልፋ ሰባተኛው ስንጥቅ አጠገብ ተንበርክካለች። የመስታወቱን ስባሪ በመዳፏ ሰብስባለች።

«ይሄ ደቋል» አለች።

ወደ ቦቴ አየሁ።

«መሬት ሲሰብረው አንድ ቀጭን መስመር ነው ያልከኝ አንተ ነህ። የማን እግር ነው? የኔ እንዳይመስልህ፤ ያን ቀን አልወጣሁም።»

«የኔ ነው።»

«ለምን?»

«እናቴ ቡናማ ቀሚስ ስለለበሰች።»

ያበድኩ መስሏት አየችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። መሐረቡን፣ ማቁን፣ ማንኪያውን። እየሰማች ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አያቴ አንድም ቀን አልነገረችኝም... ለምን አንተ አልነገርከኝም?»

«‹ማንም ቢቆም ያው ነበር› ብለሻል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ምን ልበል? አፍሬ ነው። አናስታሲስ በቀረ ቀን ሌላ አሥራ ሦስት ሰው እዚህ ነበር፤ እኔ የጠራሁት አንተን ነው።» ስባሪውን በመዳፏ አገላበጠችው። «ግን የጠራሁህ ለዳንስ ነው ዚሲስ። ለቤት አይደለም። በዚህ ልዋሽህ አልችልም።»

«እንድትዋሺኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ አንተ ለምን አሥራ አራት ሰው ዋሸህ? ያቺ ሴትዮ እናቷን በክንዷ ውስጥ አግኝታ ነበር። ቀማሃት።»

ስባሪውን መዳፌ ላይ አፍስሳልኝ ሄደች። ዞር ብላም አላየችኝ። «ፈሪ ለእናቱ» ይላሉ። እኔ ግን ለእናቴም አልሆንኩ።

በበዓሉ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አጎት ኪትሶስን ሰው ሁሉ ፊት አገኘሁት። «መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። መሬቱ ደህና ነው። አሥሩ አልተነኩም፤ የሰባተኛውን ስንጥቅ ዛሬ ጠዋት ለክቼዋለሁ፣ የፀጉር ታህል አልሰፋም።»

ትክ ብሎ አየኝ። «እኔ የምልህ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሻንጣ ስናዘጋጅ እያየህ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«አንተ ልጅ፣ አባትህ ቢኖር በጥፊ ነበር የሚልህ።» ከዚያ ለሙዚቀኞቹ እጁን አወዛወዘ። «ገመዱን ፍቱ። ክላርኔቱን አምጡ።»

ከዚያ የከበደው ቀረ። ቤት ገባሁ። እናቴ ቡናማ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ መሐረቡ... ልጅቷ ሳታውቅ ነው የሰጠችኝ። ልምምድ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«በመስኮት አይቻለሁ። ገመድ እንደሚያቀብል ሰው ነው ያቀበለችህ። ሞኝ አደረግከኝ እንዴ?»

«ታዲያ ማቁን ለምን አወለቅሽ?»

«አንተ ስለያዝከው ነዋ።» ማንኪያውን አስተካከለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰው እጅ ውሃ እንኳ ስትቀበል አላየሁህም። ‹ቅደም› ያልኩት እኔ ነኝ እያልክ ራስህን ስትገርፍ እሰማለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው። አንዱን ልጄን መሬት ወሰደብኝ። ሌላው ደግሞ በየጠዋቱ መሬት ሊጠብቅ ይሄድብኛል። ያን ቀን እጅህ ተዘረጋ። እኔ የጠበቅኩት መሐረብ አልነበረም ልጄ።»

አንገቷ ላይ ወድቄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ምን ያህል እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም። በሩ ተንኳኳ።

ሃይዶ ናት። ጫማ አድርጋለች፤ በጫማ አይቻት አላውቅም ነበር። ነጩን መሐረብ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ በሁለት እጇ ይዛለች። እኔን አላየችኝም።

«አክስቴ» አለች ለእናቴ፣ «ያን ቀን የሰጠሁት ሳላውቅ ነው፤ ስለዚህ እንዳልሰጠሁ ይቆጠርልኝ። ዛሬ አውቄ ነው ያመጣሁት። ግን ለእሱ አይደለም፣ ለእርስዎ ነው። ከእኔ ጋር ይውጡ።»

እናቴ መሐረቡን አየችው። «የሰጠ ሰው የቤቱ ሰው እንደሚሆን ነግረውሻል?»

«ነግሮኛል። ስለ ልጅዎ ግን ገና አላሰብኩበትም።»

«አስቢበት። እሱም ነገር ለማሰብ ጊዜ የሚፈጅ ልጅ ነው።»

ከዚያ ማንኪያውን አነሳች። በለሱን አጎረሰቻት። የሃይዶ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ጣፋጩን ማኘክ አልቻለችም።

እናቴ ወደ አውድማው ስትወጣ ክላርኔቱ ቆመ። ድንጋዩ ዳር ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠች። ቁልቁለቱ በሚታይበት፣ ላምብሮስ በሄደበት በኩል መቆም ፈለገች። ሃይዶ የዘረጋችላትን የመሐረቡን ጫፍ ያዘች። መጀመሪያ እግሯ ድንጋዩን የነካው ቀስ ብሎ ነው፣ ሰው የተኛ ልጅ ሲነካ እንደሚያደርገው። ከዚያ ጠንከር አለ። ከዚያ ረገጠችው። ሱፍ አጣቢዋ ከኋላዋ ገባች፣ አናስታሲስ ገባ፣ አጎት ኪትሶስ ማጨዱን ጀመረ። የሰው ሁሉ ክንድ የሥራውን እያደረገ፣ የሁሉም ተረከዝ አንድ ላይ ይመታ ነበር። እኔን ማን እንደጎተተኝ አላውቅም፤ ብቻ መሃል ነበርኩ።

ሃይዶ በአጠገቤ ስታልፍ «መስታወቶቹን እያየህ ነው?» አለችኝ።

«የቱን መስታወት?»

በዓሉ አልፎ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። በየቅዳሜው የከተማውን አውቶቡስ መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቅ መኸሩ አለቀ። በየሳምንቱ መጣች፤ አንዳንዴ ዳንስ ይዛ፣ አንዳንዴ ባዶ እጇን። የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ቀን ከአውቶቡሱ ወርዳ፣ መንገዱ መሃል ላይ፣ ጓንቷን አውልቃ እጇን ዘረጋችልኝ። መሐረብም አልያዘችም። «አሰብኩበት» አለች። ከፋሲካ በኋላ ተጋባን።

አሁንም በየጠዋቱ ወደ አውድማው እወጣለሁ፤ ልማድ አይለቅም። ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛው መስታወት ተሰብሮ አገኘሁት። ልቤ እንደ ድሮው ዘለለ። ተንበርክኬ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ቤት ወረድኩ። ሃይዶ እግሯን እናቴ ጭን ላይ ዘርግታለች፤ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከተረከዟ ስባሪ ትለቅማለች።

«ደህና ነው?» አለችኝ እናቴ ቀና ሳትል።

«ደህና ነው» አልኳት። «ደቋል።»